ውኃው መንገዱን ይሻገር እንጂ ይዞት አይውረድ፦ በተዳፋት ላይ የእግር መንገድ አሠራር

ጎጃም ውስጥ ብዙ ቦረቦር የተጀመረው በእግር መንገድ ነው። ከብቱና አህያው ዳገቱን ቀጥ ብሎ የረገጠው ቀጭን መስመር ይጠነክራል፣ ሣሩ ይጠፋል። ሰኔ ሲገባ ውኃው የተዘጋጀ ቦይ አገኘ ማለት ነው። ዘንድሮ ቁርጭምጭሚት የደረሰው ከርሞ ጉልበት ይደርሳል። ከዚያ ሰው እሱን ትቶ ጎኑን ይረግጣል፤ ያም ይቦረቦራል። ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ስትመለሱ አራት አምስት ጉድባ ጎን ለጎን ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አንዱም መንገድ አይሆንም፣ መሬቱም የሰው ማሳ ነበር።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የሚወጣው ጉልበት ቀላል አይደለም። ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ መንገድም ይጠርጋል። ያ ሁሉ ላብ በአንድ ክረምት ታጥቦ ዓባይ ሲገባ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ ወደ ምንጭ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ትምህርት ቤት ወይም እንግዳ ወደሚጎበኘው ቦታ መንገድ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን፣ ውኃውንና ተዳፋቱን እወቁ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ውኃ መንገዱን አቋርጦ ይለፍ እንጂ መንገዱን ይዞ አይውረድ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

መጀመሪያ፦ በነሐሴ ዝናብ ውጡ

መንገድ የሚሠራው በበጋ ነው፤ የሚታቀደው ግን በክረምት ነው። በጥር ደርቆ ያያችሁት ዳገት ምንም አይነግራችሁም። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ፣ ዣንጥላና ቦቲ ጫማ ይዛችሁ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሂዱበት። መብረቅ ካለ ቆዩ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ውጡ። ውኃው ገና እየወረደ ስለሆነ በደንብ ይታያል።

ምን ታያላችሁ? ውኃው ከየት ወደ መንገዱ እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚፈጥን። ቀለሙንም እዩ። ጥርት ብሎ የሚወርድ ውኃ ከሣር ወይም ከምንጭ ነው የመጣው፤ ቡና መስሎ የሚወርደው የሰው ማሳ ይዞ ነው። በየቦታው ካስማ ትከሉ። ውኃ የሚገባበት ላይ አንድ፣ ረግረግ የሆነው ላይ ሌላ። የካስማው ጫፍ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ብታስሩ በበጋ ስትመለሱ አትምታቱም።

አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ፈሰስ፣ ማለትም ከማሳ ውኃ የሚያስወጣው ቦይ፣ ሆኖ ይገኛል። ገበሬው ጤፉ ውኃ እንዳይተኛበት ማሳው ላይ በሞፈር ፈሰስ ያወጣል፤ ይህ አባቶቻችን ያወቁት ተገቢ ሥራ ነው። ነገር ግን የፈሰሱ አፍ መንገዱ ላይ ከተከፈተ የሰፊ ማሳ ውኃ በአንድ ነጥብ ገባ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጉልበት የሚችል የእግር መንገድ የለም። እዚህ ላይ የሚሠራው ዶማ ሳይሆን ንግግር ነው። ባለ ማሳውን፣ ጎረቤቱንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቦታው ድረስ ውሰዷቸው፤ ውኃው እየወረደ በዓይናቸው ይዩት። "ጋሼ፣ ይኼን አፍ ወደዚያ ወደ ሣሩ ብንመልሰው ማሳዎን ይጎዳዋል?" ብሎ መጠየቅ በኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይሻላል። መስመሩ የሰው ይዞታ የሚነካ ከሆነም በዚያው ቀን ይነሳ፤ ስምምነቱ በቀበሌ በኩል በጽሑፍ ይሁን። መሬት ላይ የቃል ስምምነት አይበቃም።

አፈሩን በእጃችሁ እወቁት

አፈርን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እፍኝ አፈር አንሱ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ጥብጣብ አድርጋችሁ አውጡት። ምንም ጥብጣብ ካልወጣው አሸዋ ይበዛዋል። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሄዶ ከተበጠሰ ድብልቅ ነው፤ ለመንገድ ይመቻል። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከተንጠለጠለ ብዙ ሸክላ አለው፤ ተጠንቀቁ።

ሌላው መሞከሪያ ሃይላንድ፣ ማለትም የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ፣ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ሲሶውን አፈር ሙሉት፣ ውኃ ጨምሩበት፣ ትንሽ ኦሞ ጣል አድርጉበት፣ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ደቃቁ ደለል ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው እስከ ማግስቱም ውኃውን አደፍርሶት ሊቆይ ይችላል። በማግስቱ ከጎን ስታዩት ንብርብሩ ለየብቻው ይታያል፤ የትኛው እንደሚበዛ መለካት ነው እንግዲህ።

ጎጃም ውስጥ የሚያጋጥማችሁ አፈር ብዙ ዓይነት ነው፤ በሁለቱ ላይ ግን ጠለቅ ማለት አለብን።

ዋልካ። ሜዳና ለጥ ያለ ተዳፋት ላይ የሚተኛው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ረጅም ቀጭን እንጨት ክተቱ፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ሲወርድ ታያላችሁ። ክረምት ሲገባ ይህ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ወደ ውስጥ አያስገባም። በዓመት አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር ሁሉ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ዋልካን ሽሹ ነው። ጥቂት ዞራችሁ ዳር ዳሩን፣ ድንጋያማው ጠርዝ ላይ መሄድ ከቻላችሁ ዙሩ። መዞሪያ ከሌለ ደግሞ ወደ ታች አትቆፍሩ፤ የተቆፈረ ዋልካ የጭቃ ገንዳ ነው የሚሆነው። ወደ ላይ ከፍ አድርጉት። ከታች ትልልቅ ድንጋይ አንጥፉ፣ ክፍተቱን በኮረት ሙሉ፣ ላዩን በቀይ አፈርና በጠጠር ድፈኑ። ከግራና ቀኝ ቦይ አውጡለት፤ ውኃውን ከሥሩ የሚያሻግር ቱቦ ወይም ድንጋይ ለድንጋይ የተደረደረ ማሳለፊያም ይኑረው። ድንጋዩ በየጊዜው ጥቂት ይሰምጣል፣ እላዩ ላይ መጨመር ነው። ይህ ሥራ ብዙ ድንጋይ ይበላል፤ መጀመሪያ ሽሹ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ቀይ አፈር። ይህኛው ወዳጅ ነው። ጥልቅ ነው፣ ውኃ ያሰርጋል፣ ሲቆረጥም ራሱን ችሎ ይቆማል። ሸክላ ቢኖረውም ቅንጣቶቹ ተያይዘው ጠንካራ እንክብል ስለሚሠሩ እንደ ዋልካ አይላቁጥም። ድክመቱ ሲረገጥ ነው። ኮቴ ያን እንክብል ይፈጨዋል፣ በበጋ ዱቄት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ዱቄቱን ይጠርገዋል፣ መንገዱም በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ቀይ አፈር ላይ መሥራት ቀላል ነው፤ ውኃ ማሻገሪያው ግን ብዙና ቅርብ ለቅርብ መሆን አለበት።

ጭንጫው፣ ድንጋይ የበዛበት ስስ አፈር፣ ጥሩ መረገጫ ነው፤ ሥር ያለው አለት ቅርብ ስለሆነ ግን መቆፈሩ ድጅኖ ይጠይቃል። ጮቄ ተራራ አናት ላይ፣ ጓሳ ሣሩና ጅብራው ባለበት፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ጥቁርና ቀላል አፈር አለ። ውኃ በብዛት ይይዛል። ሣሩ ካለ ምንም አይሆንም፤ ሣሩ በኮቴ ከተገፈፈ ግን ወዲያው ጭቃ ነው፣ በዚያ ብርድ ደግሞ ሣሩ ተመልሶ እስኪበቅል ዓመታት ይወስዳል። እዚያ ላይ ሣሩን ሳትነኩ ድንጋይ በእርምጃ ልክ እያስቀመጣችሁ መሄድ ከመቆፈር በብዙ ይሻላል።

ተዳፋቱ ይቆማል ወይ?

ይህኛው ክፍል የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አፈር ዳገት ላይ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሚፋተጉ ነው። ደረቅ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው። ያ ክፍተት በውኃ ሲሞላ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ ክብደት ይጨምራል፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ላይ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሊጨመር ይችላል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ውስጥ የታሰረው ውኃ ቅንጣቶቹን ገፍቶ ያላቅቃቸዋል፤ ፍትጊያው ይቀንሳል። ከባድ ሆነ፣ መያዣው ላላ፣ ስለዚህ ይሄዳል። ናዳ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው። አንዳንዴ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይመጣል፤ ከላይ የሰረገው ውኃ ታች እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ። "አባራ እኮ" ብሎ መዝናናት አይገባም።

ለዚህ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ከሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት አለ፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ከታች በኩል ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። ከላይ የተሰባበረው አለት ውኃ ያሳልፋል፤ ከታች ያለው የጭቃ ድንጋይ ያግደዋል። ውኃው እዚያ ድንበር ላይ ይጠራቀምና ላዩ ያለውን የናዳ ክምር ያንሸራትተዋል። አስፋልቱ በየጊዜው የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው የተሠራው በሚንቀሳቀስ ክምር ላይ ስለሆነ ነው። ያን ያህል ማሽን የገባበት መንገድ ካልቻለው እኛ በዶማ አንችለውም፤ የኛ ጥበብ እንዲህ ያለውን ቦታ አውቆ መሸሽ ነው።

እንዴት ይታወቃል? ዛፎቹን እዩ። ግንዳቸው ሥራቸው ላይ ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ከሆነ መሬቱ ቀስ እያለ እየሄደ ነው። ባሕር ዛፎቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ካዘነበሉም እንዲሁ። ዳገቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ ወይም እርከን መሳይ ዝቅታ ካለ፣ ከሥሩ ደግሞ መሬቱ ካበጠና ጉብ ጉብ ካለ፣ ያ አሮጌ ናዳ ነው፤ ሊደገም ይችላል። በበጋ መካከል ለምልሞ የሚታይ ብቸኛ ቦታ፣ ቄጠማ ያለበት፣ ውስጡ ውኃ እንዳለ ይናገራል። አጥር ወይም የድንጋይ ካብ መስመሩን ስቶ ከተጣመመ፣ ጥርት ያለ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ መሬቱ እየሄደ ነው። የአካባቢውን አዛውንት ጠይቁ። "እማማ፣ ይኼ ቦታ በእርስዎ ዘመን ተንዶ ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ የትኛውም መሣሪያ የማይሰጠውን መልስ ይሰጣል።

እነዚህን ካያችሁ መስመሩን ቀይሩ። መቀየር ካልተቻለ ቢያንስ የዳገቱን እግር አትቁረጡ። ታች ያለው አፈር የላዩን ደግፎ የያዘው ነው፤ እሱን ቆርጦ መንገድ ማውጣት ምሶሶ መንቀል ነው። የተቆፈረውን አፈርም ስንጥቁ አናት ላይ አትከምሩ፤ ክብደት ትጨምራላችሁ። ስንጥቁን ግን በሸክላ አፈር ድፈኑት፣ ከላይም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጡ፣ ውኃ እንዳይገባበት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ላይ በናዳ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ አለቁ። ናዳ አንዴ ከወረደ ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን አጥቷል ማለት ነው። የወደቀ መንገድ ለመጥረግ በዝናብ መካከል አትግቡ። መግባት ግድ ከሆነም ከላይ ያለውን ብቻ የሚያይ፣ ፊሽካ የያዘ ሰው ይቁም፤ ሌላው በጥቂት በጥቂቱ ይግባ።

መስመር ማውጣት

ከዲኤው፣ ማለትም ከግብርና ልማት ሠራተኛው፣ ዘንድ የውኃ ልክ አይጠፋም፤ ለእርከን የሚጠቀሙበት ነው። ሁለት እኩል ካስማና 10 ሜትር ገመድ በቂ ነው። ሁለቱን ካስማ አቁሙ፣ ገመዱን ወጥሩ፣ የውኃ ልኩን መካከሉ ላይ ስቀሉ፣ አረፋው መሐል እስኪሆን ላይኛው ካስማ ላይ ያለውን ገመድ ዝቅ አድርጉ። ዝቅ ያለው 1 ሜትር ከሆነ ዝንባሌው 10 በመቶ ነው፣ ግማሽ ሜትር ከሆነ 5።

ሁለት ልኬት ያስፈልጋችኋል። አንደኛው የመንገዱ ዝንባሌ ነው፤ በአማካይ ከ10 በመቶ አይብለጥ። የተጫነ አህያም፣ እርጉዝ ሴትም፣ ሽማግሌም ይችሉታል። ድንጋይ የተነጠፈበት አጭር ቦታ እስከ 15 ቢደርስ ይቻላል። ሁለተኛው የዳገቱ የራሱ ዝንባሌ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲለካ። የመንገዱ ዝንባሌ ከዳገቱ ዝንባሌ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ዳገቱ 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ 10፣ ዳገቱ 12 ከሆነ መንገዱ 6። ከዚያ ካለፈ ውኃው መንገዱን ከማቋረጥ ይዞት መውረድ ይቀለዋል፤ ቅድም ያልነው ቦረቦር እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሜዳ መሳይ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። "ሜዳ ነው፣ ቀጥ አድርገው" ይባላል፣ ከዚያ ውኃው መውጫ ያጣል።

ዳገቱ ረጅም ከሆነ ጥምዝ፣ መንገዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ያስፈልጋል። ጥምዙን ለጥ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ አድርጉት፤ ተዳፋቱ በጣም የከፋበት ላይ አይሁን። ስፋቱን በቃሬዛ ለኩት። በሽተኛ ወይም ወላድ ይዘው ጤና ጣቢያ የሚሄዱ አራት ሰዎች ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ሳያዘነብሉት፣ ፊተኞቹ ዞረው ኋለኞቹም እግራቸው ገደል ሳይነካ መታጠፍ መቻል አለባቸው። ባዶ ቃሬዛ ይዛችሁ እዚያው ቦታ ላይ ዙሩበት፤ የሚጎድለው ወዲያው ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ 3 ሜትር ያህል ሜዳ ይፈልጋል። ቀሪው መንገድ ለእግረኛ 1 ሜትር ከ20፣ ለተጫነ አህያና ለቃሬዛ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሰው አቋራጭ ይወዳል። ሁለቱ የጥምዝ ክንዶች ከተቃረቡ ልጆቹም ፍየሎቹም መሐሉን ይበጥሱታል። ክንዶቹን አራርቁ፤ መሐሉ ላይ አጋም ወይም ቀጋ ትከሉበት።

ቁፋሮው

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ላይ አፈሩ ርጥበት ሳይለቀው ቢሆን መልካም ነበር፤ ግን ያኔ አጨዳ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ይሆናል። ቀን ስትቆርጡ ሰንበቱንና ወርኃዊ በዓላቱን ቆጥራችሁ ቁረጡ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም እያለ ዶማ የሚይዝ ሰው አታገኙም፣ ማስገደድም ነውር ነው። ወንፈሉ ሰው ሞልቶ የሚወጣበትን ቀን ካህኑም ሽማግሌውም ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው።

መጀመሪያ ላዩን ሣርና ጥቁር አፈር ገፍፋችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ በኋላ ይፈለጋል። ከዚያ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ዳገቱ ውስጥ ቆርጣችሁ አውጡት። ግማሹን ቆርጦ፣ የወጣውን አፈር ወደ ገደሉ በኩል ደፍቶ ግማሹን መንገድ ከዚያ መሥራት ሥራ የሚያቀል ይመስላል። ያ የተደፋ አፈር ግን ልል ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ይወርዳል፣ አህያዋም አብራ። የምትረግጡት ያልተነካ መሬት ይሁን። የወጣውን አፈር በባሬላ ወስዳችሁ ዝቅታ ሙሉበት።

የተቆረጠው ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም። ጥልቅ ቀይ አፈር ለ1 ሜትር ከፍታ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢያጋድል ይበቃዋል፤ ድንጋይ የተቀላቀለው ልል አፈር 1 ሜትር ይፈልጋል፤ ዋልካ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ። የመንገዱ ወለል ወደ ገደሉ በኩል ጥቂት ያዘንብል፤ ለ1 ሜትር ስፋት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር። ይህችን ጥቂት ማዘንበል ብዙ ሰው ይፈራታል፣ "ያንሸራትታል" ይላል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን ውኃው ከግድግዳው ሥር ይጠራቀማል፣ እሱም ግድግዳውን ከሥሩ ይበላል።

ውኃ ማሻገሪያ

ወለሉ ማዘንበሉ ብቻውን አይበቃም፤ ኮቴ በሁለት ዓመት መሐሉን ያጎደጉደዋል። ስለዚህ መንገዱ እየወረደ መጥቶ ለጥቂት ሜትር መልሶ ወደ ላይ ከፍ ይበል፣ ከዚያ እንደገና ይውረድ። ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ ውኃው መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ይወጣል። ጉብታው ሦስት አራት ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ አጭር ከሆነ አህያ ትዘለዋለች፣ ቶሎም ይፈርሳል። ዝንባሌው 10 በመቶ ከሆነ በየ15 ወይም 20 ሜትሩ አንድ፤ 5 በመቶ ከሆነ በየ30 እስከ 40 ሜትሩ። ቀይ ዱቄታም አፈር ከሆነ ከዚያም አቅርቡት። መስመር ስታወጡ አብራችሁ ካልተለማችሁት በኋላ ለመጨመር በጣም ይከብዳል።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቅሁ? የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 60 ሜትር ሳይቋረጥ የወረደ ውኃና በየ15 ሜትሩ የተባረረ ውኃ አይወዳደሩም። ውኃ ደግሞ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ዛሬ ጣት የምታህል መስመር ናት ብላችሁ አትለፏት።

ውኃው የሚወጣበት አፍ ላይ ድንጋይ አንጥፉ፤ ሣር ወዳለበት ይሂድ እንጂ ባዶ ማሳ ወይም የሰው ቤት ላይ አይደፋ። እንጨት አጋድሞ ውኃ መመለስ የተለመደ ነው፤ ግን ምስጥ ይበላዋል፣ ከኋላው ደለል ሞልቶ ውኃው ይዘለዋል። ድንጋይ ይሻላል፤ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ወደ ታች በኩል 45 ዲግሪ ያህል ይጋደም። የበጋ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጣችሁ ቦታ ላይ ደግሞ ድልድይ አታስቡ፤ ወለሉን በትልልቅ ድንጋይ አንጥፉና ጎርፉ እላዩ ላይ ይለፍ።

ካብና ሣር

ካብ የግድ ከሆነ መሠረቱ ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ፣ የታችኛው ስፋት የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን፣ ፊቱ ወደ ዳገቱ ያጋድል። ረጃጅሙን ድንጋይ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ለዓይን እንዲያምር ፊት ለፊት ማጋደም ካቡን ያለ ማሰሪያ ያስቀረዋል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይዋል። ከኋላው አፈር ሳይሆን ጠጠርና ድንጋይ ሙሉ፤ ሲሚንቶ አያስፈልገውም፣ ውኃው በክፍተቱ ይውጣ። የታሰረ ውኃ ነው ካብ የሚገፋው። ከሰው ወገብ በላይ የሚቆም ካብ ከሆነ ግን ባለሙያ ይየው።

መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ጥቁር አፈር ግድግዳው ላይ መልሱ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉበት፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ደሾው ለከብትም ይሆናል። ባሕር ዛፍ ካብ አጠገብ አትትከሉ፤ ግንዱ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋዋል፣ ምንጭም ይጠጣል።

የመጀመሪያው ክረምት

ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ እየዞራችሁ የማሻገሪያዎቹን አፍ ጥረጉ። ከዚያ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው ዶማ ይዞ ይውጣ። መንገዱ ላይ ርዝመቱን ይዞ የሚወርድ ውኃ ካዩ፣ ከፍ ብሎ ካለው ማሻገሪያ ጀምረው ይፈትሹ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ ከሚታይበት በላይ ነው ያለው። አፉ በደለል ከተዘጋ ይክፈቱት። ጉብታው ከተበላ ድንጋይ ይጨመርበት። ሁለት ማሻገሪያ ከተራራቀ መሐላቸው ላይ ሦስተኛ ይጨመር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ይህንኑ መድገም ነው። ለዚህ ሥራ በየጎጡ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ "ሁላችንም እናየዋለን" የተባለ መንገድ ማንም አያየውም። አዲስ ስንጥቅ ካየ ደግሞ ሁለት ካስማ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተክሎ ርቀታቸውን ይለካ፣ በማግስቱም ይለካ። ከሰፋ መንገዱን በእሾህ ይዝጋ፣ ከታች ላሉት ቤቶች ወዲያውኑ ይንገር፣ ለቀበሌውም ያሳውቅ።